አንሺና ተነሺ

በአክስቴ በእቴቴ ሳሎን ውስጥ፣ በቁም ሳጥኑ ላይኛው መሳቢያ፣ ከመብራት ደረሰኝና ከቤቱ ካርታ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ልጆች ሳለን ከረሜላ ያለበት ይመስለን ነበር። ያለበት ፎቶ ነው። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ከመዳፍ አይበልጥም፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተከርክሟል። ጀርባው ላይ በብዕር «ለማስታወሻ። ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው።

እቴቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ ጥላ፣ ቀኝ እጇን ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባና አንቴናው የተመዘዘ ራዲዮ አለ። ከኋላዋ ሸራ ላይ የተሳለ የድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ቤት የለም፣ ደመና ብቻ ነው። ራዲዮው የፎቶ ቤቱ ነው። እጇ ላይ ያለው ሰዓትም የፎቶ ቤቱ ነው፤ የማይሠራ ሰዓት እንደነበር እስከ ዛሬ ታስታውሳለች። ኩራቱ ግን የራሷ ነው።

«አገጭሽን ቀና አድርጊ አለኝ» ትላለች የፎቶ አንሺው ነገር ሲነሳ። «ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዙሪ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ። ከዚያ ጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገባ። እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን በፊት እንደዚያ ሆኜ ቆሜ አላውቅም።»

እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ፎቶ ይወስዳል። እኛ እናነሳለን። ካሜራው ፊት የቆመው ደግሞ ይነሳል። የወደቀ ይነሳል፤ የተኛ ይነሳል። ትልቅ ሰው ሲገባ ወጣቱ ከመቀመጫው ይነሳል። የሚያለቅስ ሕፃን ከመሬት ይነሳል። ሰው ከሞተ በኋላም ስሙ ይነሳል። ፎቶ መነሳትን ከእነዚህ ሁሉ ነጥዬ ላየው አልቻልኩም። አንሺና ተነሺ አንድ ግሥ የሚካፈሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሌላውን ከነበረበት ከፍ ሊያደርገው ቃል የገባ ይመስለኛል። ስለዚህ የአንድን ፎቶ አንሺ ማንነት፣ ባህሉንም ሆነ የፖለቲካ እምነቱን፣ ማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ተነሺውን እንዴት አድርጎ እንዳነሳው ነው።

እኛ አገር ካሜራ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ዕቃ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ፣ ነገሥታቱን በካባና በዘውድ አነሱ። ፎቶ ቤቱ ግን ያንን ክብር ከቤተ መንግሥት አውርዶ ለአንዲት የደሴ ልጃገረድ በጥቂት ብር ሸጠላት። ካባ ባይኖረው የሚያውሳት ሰዓት ነበረው። ባማኮ ውስጥ ሰይዱ ኬይታም በ1948 እ.ኤ.አ. የራሱን ፎቶ ቤት ሲከፍት እንዲሁ ለደንበኞቹ የሚያውሰው ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ራዲዮ፣ ሞተር ሳይክል ሳይቀር ነበረው። ከኋላቸው የሚዘረጋው ጨርቅ መጀመሪያ ላይ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ማሊ ያኔ ገና በፈረንሳይ ሥር ናት፤ ነጻነቷ የታወጀው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። በኬይታ ፎቶዎች ላይ ግን ባንዲራ የለም፣ መፈክር የለም። ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የመጡ ሰዎች አሉ። አዋጁ ከመምጣቱ በፊት እንዴት እንደሚቆሙ ያውቁ ነበር።

ወደ ደሴ ልመለስ። ጥር 1966 የወሎ ረሃብ ዓመት ነው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። እቴቴ ከፎቶ ቤቱ ስትወጣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ የገጠር ሰዎች ነበሩ። «እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ስወጣ…» ትልና ታቆማለች። ስንት ጊዜ ጀምራዋለች፤ ስትጨርሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ወሎ፣ ሁለት ዓይነት ምስል ተነሳ። አንደኛው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ዓለምን ዞሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። በረሃብተኞቹ መሃል የቤተ መንግሥት ድግስ ገብቶበታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ገብቶበታል። በነጋታው ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ማንሳት ከዙፋን ማውረድም ነውና፣ ምስል ንጉሥ ያነሳበት ሌሊት ነበር ያ። እነዚያ የወሎ ሰዎች ግን ከወደቁበት አልተነሱም። መጀመሪያ ሊረዳቸው የመጣ ሰው አነሳቸው፤ ቀጥሎ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ቆርጦ ቀጠላቸው። በሁለቱም ጊዜ እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው የለም።

ቆርቆሮው ውስጥ ከእቴቴ ፎቶ ሥር የታናሽ ወንድሟ ጉርድ ፎቶ አለ። ለተማሪ መታወቂያ የተነሳው ነው። አራት ታጥቦ ነበር፤ አንዱ መታወቂያው ላይ፣ ሁለቱ ትምህርት ቤት ቀሩ፣ አራተኛው ይኸው። አፍሮውን አበጥሯል። ኮቱ የሰው ነው፣ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። አገጩ ቀና ብሏል። በ1970 አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አያቴ ያችን ጉርድ ወስዳ አስተለቀቻት። ማልቀስ ራሱ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ስለነበር ግን ግድግዳ ላይ ሳትሰቅላት ዓመታት ቆየች። ደርግ የወደቀ ሰሞን ሚስማርና መዶሻ አምጡ ያለችው ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀን በፊት አጎት እንደነበረኝ በስሙ እንጂ በመልኩ አላውቅም ነበር።

መስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ግድግዳዎቹን የሸፈኑት እንደዚህ ያሉ ፎቶዎች ነበሩ። እዚያ ቆሜ ብዙ ሰዓት አሳልፌያለሁ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። የተነሱት ለመታወቂያ፣ ለማስታወሻ ነው፤ አንዳቸውም ለታሪክ ብለው አልተነሱም። ከየፎቶው በስተጀርባ አንድ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ቆሟል፤ «አገጭህን ቀና አድርግ፣ ትንፋሽህን ያዝ» ያለ ሰው። ያ ፎቶ አንሺ ኢሕአፓ ይሁን መኢሶን፣ ወይም ከፖለቲካ ሸሽቶ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ፊልም የሚያጥብ ሰው፣ ለግድግዳው ለውጥ አያመጣም። የገደሏቸው ሰዎች ሬሳቸውን መንገድ ላይ ሲያጋድሙት፣ እሱ ግን አስቀድሞ አቁሟቸው ነበር። እኔ ካየኋቸው የፖለቲካ ፎቶዎች ሁሉ ከእነዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

ከዚያ ደግሞ 1977 መጣ። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በጥቅምት ወር ቆረም ላይ ያነሳው ምስል፣ ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም አለቀሰ። ዘፈን ተዘፈነ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ እህል ተጫነ። አሚንን የሚወቅስ ቃል ከአፌ አይወጣም። ያ ምስል ባይኖር የማይኖሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። አሚን ራሱ በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን አጥቷል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የሞተውም ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ለእኛ አገር በሥጋው የከፈለ ሰው ነው። ሆኖም ምስሉ ሥራውን ከጨረሰ በኋላም አልሄደም። እንግዳ እህል አቀብሎ ሲሄድ በሩን ሳይዘጋ እንደሄደ ያህል፣ በዚያ በር የገባው ሁሉ እኛን ተኝተን አየን።

አይዳ ሙሉነህ የተወለደችው በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ነው፤ ያ ተቆርጦ የተቀጠለ ፊልም በታየበት ዓመት። ገና ልጅ ሳለች ከአገር ወጣች። የመን፣ እንግሊዝ፣ ቆጵሮስ ኖራ በ1985 እ.ኤ.አ. ካናዳ ገባች። 1985 ደግሞ ላይቭ ኤይድ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተዘፈነበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በውጭ አገር ክፍል ውስጥ ለተቀመጠች ኢትዮጵያዊት ልጅ «ከየት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀድሟት የደረሰ ነበር። በኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምራ በ2000 እ.ኤ.አ. ተመረቀች፤ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አነሳች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በዚያው በኬይታ ከተማ፣ ባማኮ ላይ፣ በአፍሪካ የፎቶግራፍ ዝግጅት የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። ወደ አዲስ አበባ ተመልሳም በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች።

ሥራዎቿን መጀመሪያ ሳይ ዓይኔ ተደናገረ። ፊቷ በሙሉ ነጭ የተቀባች ሴት፤ ወይም ሰማያዊ። ከግንባር ወደ አገጭ በነጠብጣብ የወረደ መስመር። ክርን ድረስ ቀይ ቀለም የተነከረ የሚመስል እጅ። ጨርቁ ደማቅ፣ ከኋላው ያለው መደብ ጸጥ ያለ። እንደ ጋዜጣ ፎቶ የተሰረቀች ቅጽበት የለችም። ሁሉም ነገር ታስቦበት፣ ተሰፍቶ፣ ተቀብቶ፣ ተደርድሮ ነው። ታዲያ ቆይቼ ሳስበው ይህንን አሠራር አውቀዋለሁ። የላስቲክ አበባውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው፣ ደረጃውን ሸራ ላይ ያሳለው፣ ሰዓቱን ያዋሰው የደሴው ሰውዬ አሠራር ነው። አይዳ ጋዜጠኛ ሆና ካሜራ ብትይዝም፣ ሰውን ከማንሳቷ በፊት የምትጠይቀው የፎቶ ቤትን ጥያቄ ነው፤ እንዴት ሆነሽ ልትታዪ ትፈልጊያለሽ?

ቀለሞቿን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ያውቃቸዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይደባለቅ፣ ጥላ ሳያጠላበት፣ ልክ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እንደምናየው። ዓይኖቹም እንደዚያው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከሃዲና ጨካኝ ግን በጎኑ ይሣላል፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ሕፃን ሳለሁ ይህን ያስተማረችኝ አያቴ ነች፤ «ሁለት ዓይን ያለው ያይልሃል» ትል ነበር። ብዙዎቹ የአይዳ ሴቶች ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ኒው ዮርክ ቆሞ የሚያያቸው ሰው ደማቅ ቀለምና ዘመናዊ ጥበብ ያያል፤ እውነቱን ነው፣ ያም አለ። ከእኛ ወገን የሆነ ተመልካች ግን ከዚያ በፊት እነሱ እያዩት እንደሆነ ይሰማዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳየችውን ሥራዋን «ዓለም ዘጠኝ ናት» ብላ ከአያቷ አፍ በወሰደችው አባባል ሰይማዋለች። አስር አትሞላም የሚለውን ቀሪውን ግማሽ ማን ይነግረዋል ለኒው ዮርኩ ሰው?

በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ውሃ እንድትሠራ ዋተርኤይድ ሲጠይቃት ሴቶቿን ይዛ ዳሎል ወረደች፤ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው የአፋር ምድር። ጨው፣ ድኝ፣ ሙቀት። እዚያ ላይ በደማቅ ቀይና በደማቅ ሰማያዊ የለበሱ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ይቆማሉ። ስቃይን ማሳመር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ለራሴ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ውሃ ፍለጋ ሦስት ሰዓት የምትሄድ ሴት ቀሚስ እንዲህ አይተኮስም። ግን እናቴ ልጅ ሳለች ውሃ ስለመቅዳት ስትነግረኝ ስለ ጥሙ አልነበረም የምትነግረኝ። ስለ እንስራው ማዘያ ገመድ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስለሚሄዱበት ጎዳና፣ ወንዝ ዳር ስለሚያወሩት ወሬ ነበር። ጀርባዋ ላይ ያለው ክብደት ያለ ነው፤ እሷ ግን ክብደቱ ብቻ አልነበረችም። አይዳ ዳሎል ላይ ያቆመቻቸው ሴቶች እንደ እናቴ ትረካ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ወደ ኦስሎው ዐውደ ርእይዋ ለመድረስ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ፣ የኖቤል የሰላም ማዕከል የዓመቱን የፎቶ ዐውደ ርእይ እንድትሠራ የመረጣት አይዳን ነበር። ርእሰ ጉዳዩ ረሃብ ነው፤ ረሃብ በጦርነት ውስጥ መሣሪያ የሆነባቸው አገሮች ታሪክ። ልጅ ሆና በረሃብ ፎቶ ስትታወቅ የኖረች ኢትዮጵያዊት ስለ ረሃብ ፎቶ አንሺ ተባለች። አንድም አጥንቱ የወጣ ሰው አላነሳችም። አንድም ዝንብ ፊት ላይ የለም። የተቀቡ፣ የለበሱ፣ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ረሃብ ሰው ላይ የሚደርስ የሰማይ ቁጣ ሳይሆን ሰው በሰው ላይ የሚያውጀው ነገር መሆኑን ለመናገር ሆድ ማሳየት አላስፈለጋትም። ያንን ዐውደ ርእይ ለእኔ የአንዲት ሴት የሠላሳ አምስት ዓመት መልስ አድርጌ ነው የማየው፤ ካናዳ ክፍል ውስጥ ለተጠየቀችው ጥያቄ።

ሁሉም እንደ አይዳ ይሥራ ማለቴ አይደለም። ቅጽበትን ማደን የፈለገ አዳኝም ባህሉ ከእጁ አይወጣም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ ቦታው ላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት ባስገኘለት ሥራው ውስጥ አንዲት ሐዘንተኛ የአደጋውን ቦታ አፈር ዘግና ፊቷ ላይ ትበትናለች። አፈሩ በአየር ላይ እንዳለ ነው የተነሳው። ሌላ አገር ያደገ ሰው ያንን አፈር የሚያየው ከተበተነ በኋላ ይመስለኛል። ሙሉጌታ ግን እጇ ወደ መሬት ሲወርድ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት አድጓል። ካሜራውን ያዘጋጀው እጇ ሲነሳ ሳይሆን ስታጎነብስ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያ ሜዳ ሐዘንተኞቹ የሚያለቅሱለት አስከሬን አልነበራቸውም፤ ያላቸው አፈሩ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ወደ ምድር አጎንብሳለች፤ ፎቶው ግን ለቅሶዋን በወጉ አንስቶታል።

ያለፉት የጦርነት ዓመታት ለፎቶ ከባድ ነበሩ። አንድ ሥዕል ስልካችን ላይ ሲመጣ በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ቆስሏል ወይ ከማለታችን በፊት «ያነሳው ማነው? የማን ወገን ነው?» ማለት ለመድን። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሬሳ የእኛ ሆኖ ዞረ፤ የእኛም የሌላ ተባለ። የፎቶ አንሺ ስም ከነአባቱ እየተነበበ ዘሩ ተፈለገ። የፎቶ አንሺ ፖለቲካዊ ማንነት እንዲህ ከታየ ጠቡን እንጂ ፎቶውን ማየት አይቻልም። ያ የ1967ቱ የመስከረም ማታ ሺህ ጊዜ እየተደጋገመ ያለ ይመስለኛል፤ ዛሬ ግን ቆርጦ የሚቀጥለው አንድ ደርግ ሳይሆን እያንዳንዳችን ነን። የወደቀው ሰው እንደገና እዚያው ነው።

ባለፈው ክረምት እቴቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ተኝታለች። ልጆቿ ዋሽንግተንና ሪያድ ናቸው፤ «ፎቶዋን ላክልን፣ እናምን» ብለው ስልኬን አጨናነቁት። አንድ እሑድ ከሰዓት ገባሁ። አልጋዋ ላይ ነች፣ ፀጉሯ ተፈቷል፣ ግማሽ ፊቷ ትራሱ ውስጥ ነው። ስልኬን አወጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላነሳሽ ነው እቴቴ። ልጆቹ ጠይቀው።»

አየችኝ። ከዚያ እጇን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ልትገፋ ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ተኝቼማ አልነሳም» አለች። «መጀመሪያ አንሱኝ።»

ሠራተኛዋን ጠራኋት፤ ለሁለት ደግፈን በትራስ አስቀመጥናት። አመማት፣ ግን አልጮኸችም። ሻሽ አምጡልኝ አለች። ነጠላ አምጡልኝ አለች፤ በግራ ትከሻዋ ጣለችው። መድኃኒቶቹን ከኮመዲናው ላይ አስነሳችና በቦታቸው ራዲዮኗን አስቀመጠች። መጋረጃውን እንድገልጥ በጣቷ አሳየችኝ፤ ፊቷን ትንሽ ወደ ብርሃኑ አዞረች። እኔ ምንም አላልኩም። አገጯን ራሷ ቀና አደረገች።

«አሁን» አለችኝ።